ገበያው የቱ ነበር?

(የቤተሰባቸውን ታሪክ ለሚያጠኑ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሙያዬ ቅየሳ ነው። መጀመሪያ ቴዎዶላይት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ተሸክሜ፣ በኋላም ጂፒኤስ ይዤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ድንበር ስለካ ኖሬአለሁ። «ችካል ተነቀለ፣ አጥር ተገፋ» ብለው በሚካሰሱ ጎረቤታሞች መካከል ቆሜ «ድንበሩ ይህ ነው» ያልሁበት ቀን ስፍር የለውም። የገዛ አያቴ ቤት የት እንደነበር ግን አላውቅም ነበር። አለማወቄን ራሱ የተረዳሁት የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ደውሎ ሲጠይቀኝ ነው።

ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። አብራው የምትሠራ አንዲት ልጅ የቅድመ አያቷን ቤት በኮምፒውተር አግኝታ አሳየችው። የ1940 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ነው። በግራው ጠርዝ የመንገዱ ስም ከታች ወደ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ የቤት ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ ዕድሜው፣ የተወለደበት አገር፣ ሥራው፣ የሚከፍለው የቤት ኪራይ ሳይቀር ተሰድሯል። አሜሪካኖች ስም የሰፈረበትን ቅጽ 72 ዓመት ያስጠብቁትና ለሕዝብ ይከፍቱታል፤ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። እንግሊዞች መቶ ዓመት ያስጠብቃሉ። ልጁ ቅናት ያዘው። «ጋሼ፣ የእኛንስ በየትኛው ቆጠራ ላግኘው?» አለኝ።

በየትኛውም አያገኘውም። በአገራችን አገር አቀፍ የሕዝብና የቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አያቴ የሞተው ከመጀመሪያው በፊት ነው። ቢደርስበትም አይጠቅመንም ነበር፤ በቆጠራ ቅጽ ላይ የሰፈረ የግል መረጃ በሕግ ምስጢር ነውና ለሕዝብ የሚወጣው የድምር ቁጥሩ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ለብቻዋ ከዚያ ቀደም ተቆጥራለች። የ1961 እ.ኤ.አ. ውጤት 443,728 ነዋሪ ይላል። አያቴ ከነዚህ አንዱ ነው። መጨረሻ ላይ ካለው ስምንት ውስጥ ይሁን ከፊት ካለው አራት መቶ ሺህ፣ ቁጥሩ አይናገርም።

እንዲያም ሆኖ ሠንጠረዡን አትናቁት። ስም ባይሰጣችሁም ቤት ያሳያችኋል፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፣ መጸዳጃ አለው ወይስ የለውም፣ ራዲዮ ያለው ስንቱ ነው ይላል። የአያታችሁ ሰፈር ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ከዚያ ይወጣል። የቤቱን በር ግን አያንኳኳላችሁም።

ስለዚህ ከወረቀት በፊት ወደ ወሬ ሄድሁ። በቤታችን የቀረው ወሬ የአያቴ ሚስት፣ ማለትም የሴት አያቴ፣ በልጅነቴ ስትደጋግመው የሰማሁት አንድ ንግግር ብቻ ነበር። «ቤታችን ከገበያው ቁልቁል፣ ድልድዩን ሳትሻገር ነበር። ጠዋት የጊዮርጊስ ደወል ሲሰማ እሱ ወደ አባ መላ ግቢ ይሄዳል፣ እኔ ጭሴን አጨሳለሁ። በኋላ በየካቲት ተቃጠለ።» ከዚህ ሌላ የለም።

አባቴና ወንድሞቹ ይህን ሲሰሙ ያደጉት አዲስ ከተማ ነው። ስለዚህ «ገበያው» ሲባል መርካቶ፣ «ከገበያው ቁልቁል» ሲባል ከመርካቶ በታች መስሏቸው ኖረ። አባ መላንማ አንዱ አጎቴ «የሰፈሩ ቄስ ነበሩ» ብሎ ለልጆቹ ሁሉ ነግሯል። አጎቴ ሲናገር የሚጠራጠር አልነበረም፤ ድምፁ ወፍራም ነበር።

እኔን ያነቃኝ ደወሉ ነው። መርካቶ የራጉኤል ደብር ነው። ከመርካቶ በታች የሚኖር ሰው ጠዋት የሚቀሰቅሰው የራጉኤል ደወል እንጂ የጊዮርጊስ አይደለም። አያቴ ደግሞ ደብር የምታምታታ ሴት አልነበረችም፤ ሰንበቴ የምትጠጣ ናት። ታዲያ የተሳሳተው ገበያው ነው ማለት ነው።

የተሳሳትነውም እኛው ነን። ከጣልያን በፊት አዲስ አበባ ውስጥ «ገበያው» ሲባል የአራዳው ገበያ ነው፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ዛሬ መርካቶ የምንለውን ያመጡት ጣልያኖች ናቸው። ከተማይቱን የነጭና የጥቁር ብለው ሲከፍሉ ያገሬውን ሰውና ያገሬውን ገበያ ከመሐል አንስተው ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ለዚያ «ለአገሬው ከተማ» የወጣው ስም ነው አዲስ ከተማ ሆኖ የቀረው። የእኛም ቤተሰብ ወደዚያ የሄደው በዚያው ግፊያ ነው። ገበያው ተነሥቶ ሲሄድ ቃሉም አብሮት ሄደ፤ የአያቴ ንግግር ግን የቆመችበት ቆመ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያለ ቦታው ስንፈልጋት ኖርን።

አባ መላም ቄስ አይደሉም። የፈረስ ስም ነው፤ የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ። ፊታውራሪ በ1919 ዓ.ም. አርፈዋል፣ በስማቸው የሚጠራው ድልድይ ግን በፒያሳና በመርካቶ መካከል ዛሬም አለ። አጎቴ ይህን ሳይሰማ ሞቷል። ደግ አደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነውና። የአዲስ አበባን አሮጌ ቤት የምትፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ «የቤት ቁጥሩ ስንት ነበር?» አትበሉ። «ለማን ያደረ ነበር?» በሉ። ከተማዋ የተሠራችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ከንጉሡ ግቢ ዙሪያ ለየመኳንንቱ ቦታ ይመራል፣ መኳንንቱ ኮረብታው ላይ ግቢውን ይሠራል፣ አሽከሩና ወታደሩ ከሥሩ ጎጆውን ይቀልሳል። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሰው ደግሞ በሥራው ይሰፍራል፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ። የጌታውን ስም ካገኛችሁ ኮረብታውን አገኛችሁ። ጌታው በፈረስ ስም ከተጠራ እንደ አጎቴ አትሁኑ፤ የፈረስ ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቁ። ቀጥሎ «የየትኛው ደብር ደወል ይሰማ ነበር?» በሉ። ገበያ ይሄዳል፣ ሰፈር ስሙን ይለውጣል፣ ቀበሌ በየመንግሥቱ ይታጠፋል፤ ደብር ግን በአብዛኛው ባለበት ነው። እኔ በሙያዬ ማንኛውንም ልኬት የምጀምረው ከማይነቃነቅ ነጥብ ነው። ለዚህ ሥራ ከደወል የተሻለ ነጥብ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ካርታው እንግባ፤ ደስ የሚለኝም እዚህ ነው።

በጣልያን ለጋሲዮን፣ ዛሬ ኤምባሲ በምንለው፣ ሐኪም የነበረው ዴ ካስትሮ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያወጣውን የአዲስ አበባ ፕላን ታውቁት ይሆናል። እንዲህ ያሉ ቀደምት ካርታዎች የሚያሳዩት ግቢውን፣ ለጋሲዮኖቹን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን፣ የታላላቆቹን ሰዎች ግቢ ነው። ድሃ በካርታ ላይ ነጥብ ነው፤ አንዳንዴም ነጥብ እንኳ አይደለም። ይህን ስታዩ አትናደዱ፤ የጌታው ግቢ ከተገኘ የአሽከሩ ጎጆ ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ከዚያ የወረራው ዘመን ካርታዎች ይመጣሉ። ጥሩ ናቸው፤ ጣልያን ካርታ መሥራት ያውቃል። ሦስት ወጥመድ ግን አላቸው። የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። ሸዋን በኤስ፣ በሲና በአይ ይጀምሩታል፤ ወሎን በዩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የለመደ ዓይን ወረቀቱን አሥር ጊዜ ዞሮት ስሙን ያልፈዋል። መድኃኒቱ ጮክ ብሎ እንደ ጣልያን ማንበብ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሆናችሁ በሹክሹክታ። ሁለተኛው ዘመኑ ነው። በካርታው ጥግ በሮማ ቁጥር አሥራ ስድስት ተጽፎ ብታዩ የገጽ ቁጥር አይደለም። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የቆጠሩት ዓመት ነው፤ አሥራ ስድስተኛው በእኛ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ዓ.ም. ይውላል።

ሦስተኛውና እኔን ራሴን የጣለኝ ይህ ነው፤ ፕላን ካርታ አይደለም። ጊዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት ጣልያናውያን ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነድፈው ነበር። ሌ ኮርቡዚየ የሚባለው ስመ ጥር አርክቴክት ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. የራሱን ንድፍ ሠርቷል፤ ከተማይቱን አላያትም። እነዚህ የነበረውን ሳይሆን የተመኙትን የሚያሳዩ ወረቀቶች ናቸው። እኔ ሰፊ ጎዳና ያለበትን አንድ የዚያ ዘመን ወረቀት ይዤ፣ የአያቴ ቤት በዚያ ጎዳና ምክንያት ፈረሰ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ታሪክ ሠራሁ። ጎዳናው ኖሮ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ቅየሳ የሠራ ሰው! ካርታ ስታነሡ መጀመሪያ «ይህ የተለካ ነው ወይስ የታሰበ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቤቱን ያጠፋውማ ወሬው ውስጥ ነበር። «በየካቲት ተቃጠለ» ስትል የቱን የካቲት ማለቷ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ሰው እየገደሉ ቤት ሲያቃጥሉ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በተሠራ በየትኛውም ካርታ ላይ የአያቴን ጎጆ መፈለግ ከንቱ ነው። ካርታ የተሠራበትን ዓመትና ቤቱ የኖረበትን ዓመት አጠገብ ለአጠገብ ጻፉ፤ እኔ ይህን ያደረግሁት በመጨረሻ ነው።

የገጠር ቤት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ጣልያኖች ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ካነሷቸው ፎቶግራፎች ውስጥ 34,000 ያህሉ 8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ በካርታ ሥራው መሥሪያ ቤት ቆይተዋል። በአንድ ሰሌዳ ላይ አንዱ ቁልቁል፣ ሌሎቹ ወደ ጎን የተነሡ አራት ፎቶዎች አሉ። ዛፉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ የእግር መንገዱ ይታያል። አሜሪካኖች ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በስለላ ሳተላይት ያነሡት፣ ኮሮና የተባለው ስብስብም በ1995 እ.ኤ.አ. ምስጢርነቱ ተነሥቶ ማንም ሊያየው ይችላል። እነዚህን አይታችሁ የአባታችሁን የግብር ደረሰኝ አውጡ። ቤተሰብ ደረሰኝ አይጥልም፤ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አለ። የአጥቢያው ስም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ከተማው ልመለስ፤ ወደ ወረቀቱ። የግል ይዞታ በከተማው የታወቀው በምኒልክ ዘመን፣ በ1907 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለርስቱ ካርታ ይሰጠዋል። ቦታ የሚያሳየውንም ወረቀት ባለቤትነት የሚያሳየውንም «ካርታ» ማለታችን ለፈላጊ ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ መዝገብ ቤት ስትገቡ የትኛውን እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ተናገሩ። አያቴ ግን ካርታ አልነበረውም። በጌታው መሬት ላይ ጎጆ የቀለሰ ሰው ካርታ ከየት ያመጣል?

የእኛ እውነተኛው ስም ያለበት ቆጠራ የቀበሌው መዝገብ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቀበሌ ተቋቋመ። ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ መያዝ ቀረ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ትርፍ ቤት ቀበሌ ተረከበ። ስለዚህ በቀበሌ የቤት ማኅደር ውስጥ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ወረቀት የቀድሞውን ባለቤት ስም ይዞ ይገኛል። የቤተሰብ ቅጹ ደግሞ ማን ከማን ጋር ይኖር እንደነበር ይነግራችኋል። ችግሩ አድራሻው ነው። «ከፍተኛ 5 ቀበሌ 08» የሚል ወረቀት ብታገኙ የዛሬ ሹፌር አያውቀውም። በደርግ ጊዜ ከተማዋ 25 ከፍተኛ ነበረች፤ በኋላ ወረዳና ቀበሌ ሆነች፤ በ1995 ዓ.ም. ገደማ 10 ክፍለ ከተማ፣ ዛሬ 11። የቤት ቁጥሩም አብሮ ተለዋውጧል። በአንድ በር ላይ ሦስት ቆርቆሮ ተመትቶ አይቻለሁ። ቁጥር ያልደረሰው ቤት ባለቤት ደግሞ ቅጽ ሲሞላ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ይላል። ቤቱ አርባ ዓመት ቢሆነውም አዲስ ነው።

እንግዲህ በቀበሌ ታሪኬ አይወጣም፤ ቤተሰቤ ከሰፈሩ የወጣው በ1929 ነውና። ያዳነኝ የዕድር መዝገብ ነው። ከድልድዩ አካባቢ ያለ አንድ አሮጌ ዕድር ጸሐፊ የጥንቱን መዝገብ ዘርግቶ አሳየኝ። አያቴ እንደማይኖርበት አውቃለሁ። የፈለግሁት ከአባላቱ ማን በዕድሜ ትልቅ እንደሆነ ነው። አንዲት ሴት በሕይወት አሉ ተባልሁ። አባታቸውም የአባ መላ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር በፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያን፣ እሪ በከንቱን፣ ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ሰፈሮች ተነሥተዋል፤ የእሳቸውም ጎረቤቶች እንዲሁ የትም ተበትነዋል። ፍለጋውን አሥር ዓመት አስቀድሜ ብጀምረው ኖሮ የምጠይቀው ሰው ስንት በሆነ እያልሁ እበሳጫለሁ። ካርታ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ አይጠብቅም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። ቃጠሎው ሲሆን የአሥር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ያዘጋጀሁትን ካርታ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ ቀይ ክብ አድርጌበታለሁ። ዞር ብለው አላዩትም። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። አያቴን አላስታወሱም። የሴት አያቴን ስም ስጠራ ግን ዝም አሉ። ቀጥለው፣ «ዓይነ ትልቋ? ጠላዋ የሚጎመዝዝ?» አሉ። በቤተሰባችን የአያታችን ጠላ እንደ ማር ነበር ሲባል ነው ያደግነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «እሷው ናት፣ እማማ» አልሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በመኪና ይዣቸው ሄድሁ። በስልኬ ላይ ከ1960ዎቹ የአገራችን ካርታ የወሰድሁትን ነጥብ አስገብቼ ነበር፤ ነጥቡ ወንዙ ውስጥ ከተተን። ይህም መታወቅ ያለበት ነው። የድሮዎቹ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ልኬት ነው፤ ስልካችሁ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ሁለቱን ሳታስማሙ ቁጥሩን እንዳለ ብታስገቡ ከመቶ ሜትር በላይ ትስታላችሁ። እኔ ይህን ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። በደስታ ረሳሁት።

አስማምቼ እንደገና ሳየው ነጥቡ ከወንዙ ወጥቶ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ፤ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ ሣር፣ አግዳሚ ወንበር። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጊዮርጊስ አንድ ጊዜ፣ ወደ ድልድዩ አንድ ጊዜ ተመለከቱ። «እዚህ አይደለም» አሉና ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ላይ ወጡ። «የእኛ እዚህ ነበር፤ የእነሱ ከዚያ ወዲያ። ውኃ ስንቀዳ በበራቸው ነበር የምናልፍ።» ምርኩዛቸውን ሣሩ ላይ ተከሉት። በልማድ ቦታውን በጂፒኤስ አነሣሁት።

የእህቴ ልጅ በስልክ ምስል ያየናል፤ እዚያ ገና ሌሊት ነው። ነጥቡን ላክሁለት። እሱም ለቤተሰቡ ዘር ማውጫ የሚሞላው ቅጽ አለው፤ ከተማ፣ ሰፈር፣ መንገድ እያለ የሚጠይቅ። የሚያውቀውን ሞላና «ጋሼ፣ የቤት ቁጥር የሚል አለ፤ ባዶ አይቀበለኝም። ምን ልጻፍ?» አለ።

«አዲስ በል» አልሁት።